በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ

ጅማ ከተማ ቦሳ አዲስ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን መሀሏ ላይ መጋረጃ ዘርግተናል። ከመጋረጃው ወዲህ እኔ ሬድዋን ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ባነር አትማለሁ፣ የሰርግ ጥሪ አዘጋጃለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የአጎቴ ልጅ ፈሂማ ድረ ገጽ ትሠራለች። እኔ ያተምኩት ባነር ሄርማታ ገበያ መግቢያ ላይ ቢሰቀል፣ በእግሩ የሚያልፈውም በባጃጅ የሚያልፈውም የሚያየው ያንኑ ባነር ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። የፈሂማ ሥራ እንደዚያ እንዳልሆነ ባለፈው ዓመት በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ድረ ገጽ እንደ ባነር ታትሞ፣ ተጠቅልሎ አይላክም። የሚላከው ትእዛዝ ነው። «ይህን ቀይ አድርገው፣ ይህን መሀል ላይ አስቀምጠው፣ የሳጥኑን ማዕዘን ክብ አድርገው» የሚል ትእዛዝ። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚፈጽመው እያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ ያለው የድረ ገጽ መክፈቻ፣ ብሮውዘሩ ነው። አዲሱ ብሮውዘር የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል። አሮጌው ደግሞ የገባውን ሠርቶ ያልገባውን ይዘለዋል። አልገባኝም ብሎ አይጠይቅም፣ ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አንዳንድ መሥሪያ ቤት ገጥመውኛል፤ ከኔ ይልቅ ግን ፈሂማ ትታገሳቸዋለች።

ሥራውን ያመጡት አባቷ ናቸው። አጎቴ ኡመይር ከአጋሮ አለፍ ብሎ ያለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ማኅበሩ የእሸት ቡና መፈልፈያ አለው። ችግሩ የሁሉም ጎጥ ቡና የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ሲሆን ማሽኑ ግን አንድ መሆኑ ነው። እሸት ቡና ተለቅሞ ሲያድር ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ጎጦቹ የሚያመጡት በተራ ነው። ድሮ ተራውን የሚሰጠው ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሰው ነበር፤ የሱ ዘመድ የሆነ ሁሉ ተራው ቶሎ ይደርሰው ነበር። አጎቴ የተመረጡት ይህን አስቀራለሁ ብለው ነው። ማስቀሪያቸው ፈሂማ ሆነች። አባሉ ስልኩን ከፍቶ የጎጡን ስም ይነካል፣ ገጹ «ዛሬ አምጡ» ወይም «ዛሬ አታምጡ» ይለዋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ክረምቱ ሲገባ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ገጹ ለአባላት ታየ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሸኩር የሚባል አባል አለ። ልጁ ከጅዳ የላከችለትን አይፎን የሚያይለት ሰው ከሌለ ከኪሱ አያወጣውም። በሱ ስልክ ላይ ገጹ ሙሽራ መስሏል። ሰፊ ባለ ቀለም ሳጥን፣ ክብ ማዕዘን፣ ከሥሩ ስስ ጥላ፣ ፈሂማ ስንት ቀን የመረጠችው የፊደል ዓይነት። አጠገቡ የተቀመጠችው ዘይቡ ናት። ዘይቡ በልጅነቷ ባሏ የሞተባት፣ ጥቂት እግር ቡና ይዛ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የስልኳ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ብሮውዘሯም ዳታ እቆጥባለሁ ብሎ ብዙ ነገር የሚያስቀር ነው። በሷ ስልክ ላይ ሳጥን የለም፣ ቀለም የለም። ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ፣ ያውም ግራ ጥግ ላይ የተለጠፈ። የራሷን አየች፣ የሸኩርን አየች።

«ፈሂማ፣ ለሸኩር አልብሰሽ ለኔ ራቁቱን ላክሽልኝ?» አለች።

ሰው ሳቀ። ሸኩር ግን ተነሳ።

«እኔ ስልኬ ስላማረ አልከፋኝም» አለ። «ግን ዛሬ መልኩ ከተለያየ፣ ነገ ተራውስ እንደማይለያይ በምን እናውቃለን? የሚዛኑ ሰውዬም አጀማመሩ እንዲህ ነበር።»

«ዱጋ! እውነት ነው!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ።

ፈሂማ ተነስታ አስረዳች። ቃሉ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ነው፣ የተለየው መልኩ ብቻ ነው አለች። በሙያው ያሉ ሰዎች ገጽ በሁሉም ብሮውዘር ላይ መሥራት አለበት እንጂ መልኩ አንድ መሆን የለበትም እንደሚሉም ነገረቻቸው። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ግን እዚያ ጉባኤ ላይ ምንም አልፈየደላትም።

ከዚያ አጎቴ ተነሱ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ወላሂ» አሉ። አጎቴ ወላሂ ለማለት የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። «ቡናው ከመድረሱ በፊት በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ነገር ይታያል። በሁለት ስልክ ሁለት ነገር የታየ ቀን እኔ ከዚህ ወንበር እወርዳለሁ። ገጹንም ተዉት፣ ወደ ሚዛኑ ሰውዬ ተመለሱ።»

የፈሂማ ፊት ምን እንደመሰለ ያየሁት እኔ ነኝ፣ አጠገቧ ስለነበርኩ። በዓለም ላይ እንዲህ ብሎ የማለ ሰው የለም። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ «አባ፣ ምን አደረጉኝ?» አለቻቸው። አጎቴ «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብለው ውሃ ጠጡ።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ጁምዓ ጁምዓ እዚያ ነበርን። እኔ የምሄደው ላፕቶፑን ለመሸከም ነው ይባላል። አባላቱ ከሶላት በኋላ ወደ መፈልፈያው ይመጡና ስልካቸውን በረንዳው ላይ በተዘረጋው ሰሌን ላይ ይደረድራሉ። ፈሂማ መሀል ላይ ተቀምጣ አንዱን ታስተካክላለች፣ ሌላው ይበላሻል። የዘይቡ ሳጥን ሲመጣ የጎረቤቷ ጽሑፍ ከሳጥኑ ይወጣል። የጎረቤቷ ሲገባ የሌላው ሳጥን ወደ ቀኝ ሸሽቶ ግማሹ ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል። ቀለሞቹን ያዘዘችው በአዲሱ አጻጻፍ ስለነበር አሮጌዎቹ ብሮውዘሮች ዘለውት ነጭ ሆነው ቀርተው ነበር። ስለዚህ በድሮው አጻጻፍ ደግማ አዘዘችላቸው። ጥላውን ጣለችው። ክቡን ማዕዘን ጣለችው። የመረጠችውን የፊደል ዓይነት የጣለች ቀን ምሳ አልበላችም። የሸኩር አይፎን እየደኸየ፣ የዘይቡ ስልክ እየለበሰ መጥተው መሀል ላይ ተገናኙ። ሸኩር «የኔን አስቀየማችሁት እኮ» ብሎ አኮረፈ። እኩልነት በዚያ በኩል እንደሚመጣ አልጠበቀም ነበር።

አንድ ጁምዓ ዘይቡ «ማንበብ የማንችልም አለን፤ ቀለሙን ትልቅ አድርጊው፣ ጽሑፉ ከሥር ይነስ» አለች። ሰው ሁሉ ተስማማ። ፈሂማም ጥሩ ሐሳብ ነው ብላ ቀዩንና አረንጓዴውን ሳጥን አተለቀች፣ ጽሑፉን አሳነሰች።

የመፈልፈያው በር የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ላይ ድሮ በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ፦ «ቀይ ብቻ እንቀበላለን። አረንጓዴ ይመለሳል።» የልማት ሠራተኞችም በየዓመቱ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ቀይ ቀዩን ልቀሙ፣ አረንጓዴውን አትንኩ። ከአጋሮ የሚያመጣን ባጃጅ ሁልጊዜ የሚያወርደን እዚያው ጽሑፍ ሥር ነበር። አጎቴ ደግሞ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ጎንበስ እያሉ ቀዩን ሲያዩ «ማሻአላህ፣ ይሄ የደረሰ ቀይ ነው!» ይላሉ። አረንጓዴውን አይተው ዝም ይላሉ። ቀለሙ ስላማራቸው ነው ብለን ደስ ይለን ነበር።

በመጨረሻ አንድ ስልክ ብቻ ቀረ፤ የራሳቸው የአጎቴ። ከሄርማታ የገዙት፣ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ዓይነት ነው። ብሮውዘሩም አብሮት የመጣ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ አይተነው አናውቅም። ሁሉም ሲቀላ እሱ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ፈሂማ «ሌላ ስልክ ልግዛልዎት» አለቻቸው። «ይሄ ምን ሆነ?» አሏት። ሌላ መንገድ ሲጠፋ ለዚያ ብሮውዘር ብቻ የምትሆን አንዲት የትእዛዝ መስመር ለብቻዋ ጻፈች። ያ ብሮውዘር ከሆንክ ያንተ አረንጓዴ ይህ ነው፣ ያንተ ቀይ ይህ ነው የምትል። ሠራላት። ወደ ጅማ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ይህ በኛ ሙያ ነውር ነው» አለችኝና እንቅልፍ ወሰዳት።

ቡናው ደረሰ። የመጀመሪያው ተራ ለአጎቴና ለዘይቡ ጎጥ ወጣ። ፈሂማ የዚያን ጎጥ አረንጓዴ፣ የሌሎቹን ሁሉ ቀይ አደረገች። አረንጓዴ እለፍ፣ ቀይ ቁም ነው፤ አዲስ አበባ ያለ የትራፊክ መብራት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ድሉን ለማየት በማለዳ ሄድን።

መንገዱ ከሩቅ ጀምሮ ተዘግቷል። አህያ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው። ተራው ያልሆነ ጎጥ በሙሉ መጥቷል። ተራው ከሆነው ጎጥ አንድም ሰው የለም።

ፈሂማ አባቷ ጋ ደወለች። ድምፃቸው ለኔም ይሰማኝ ነበር።

«አባ፣ የት ነዎት?»

«ቤት ነኛ።»

«ዛሬ እኮ የናንተ ተራ ነው!»

«አረንጓዴ ነው እኮ የሚለው። ገና ነው ማለት አይደል? ማነው አረንጓዴ የሚለቅመው?»

«ከሥሩ አምጡ ይላል፣ አላነበቡትም?»

«ቀለሙን ይህን ያህል አሳምረሽልኝ ደግሞ ላንብብ እንዴ?»

ፈሂማ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ቀና ብላ የበሩን ቆርቆሮ አነበበች። እኔም አነበብኩት። እሷ የቡና ገበሬ ልጅ ናት፣ እኔ የቡና ገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ።

ማሽኑ ያን ሁሉ አልቻለም። የተረፈው ቡና ሳይፈለፈል በጀንፈልነት እንዲደርቅ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጣ። ታጥቦ ጥሩ ደረጃ ሊያገኝ የሚችል ቀይ ቡና በዚያ መንገድ ሲቀር ማየት ለገበሬ ከባድ ነው። ሴቶቹ አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም፤ ያሰጡ ነበር። ፈሂማም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስከ ማታ አብራቸው ስታሰጣ ዋለች።

በዚያው ሳምንት ጉባኤ ተጠራ። መጀመሪያ የተናገረው ሸኩር ነው።

«ሊቀመንበር፣ ቃልዎን ያስታውሱ። ይውረዱ።»

አጎቴ ተነሱ። «ቃሌን አስታውሳለሁ። በሁለት ስልክ ሁለት ነገር ከታየ ነበር ያልኩት። በሉ ስልካችሁን አውጡ።»

ሰዉ ስልኩን አወጣ። አስተያየ። ገጹ በሁሉም ላይ አንድ ነበር። ተራ የነበረው በሙሉ አረንጓዴ አይቶ ቤቱ ቀርቷል፣ ተራ ያልነበረው በሙሉ ቀይ አይቶ መጥቷል። ሁሉም እኩል ተሳስቷል፣ ማንም ከማንም አልበለጠም። ዘይቡ የተሰነጠቀ ስልኳን ከፍ አድርጋ «የኔም ልክ እንደ ሸኩር ነው የተበላሸው» አለች። ድምፅዋ ላይ ትንሽ ኩራት ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ደርሶባት አያውቅም።

ሸኩር «እንግዲያው ቀለሙ ይቀየር» ብሎ ተቀመጠ።

«ይቀየራል» አሉ አጎቴ። «ቃሌ ግን ያው ነው። ሁለት ነገር የታየ ቀን እወርዳለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ከተለፋበት በኋላ ማስተካከያው ቀይና አረንጓዴ የሚሉትን ሁለት ቃላት ማቀያየር ብቻ ሆነ። የታዘዘው ሻይ ሳይመጣ ሥራው አለቀ። ከማግስቱ ጀምሮ ቀይ ያየ ጎጥ ይመጣል፣ አረንጓዴ ያየ ይቀራል። ማሽኑ ተነፈሰ። ሸኩር እንኳ ገጹን ለሰው ማሳየት ጀመረ፣ ራሱ የሠራው ይመስል። አንድ ቀን ብቻ፣ ቀለሙ በተቀየረ ማግስት፣ አጎቴ ጎጣቸው ተራ ሳይኖረው ጆንያ አስጭነው መጥተው መፈልፈያው በር ላይ ተቀምጠው ነበር አሉ። ምነው ሲባሉ «ሚዛኑን ልሞክረው ብዬ ነው» ብለዋል። ሊቀመንበር ናቸውና የጠየቀ የለም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ ፈሂማና እኔ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሄድን። አጎቴ በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ስልካቸው በእጃቸው ነው። ዘይቡ ባዶ ጆንያዎቿን እያጠፈች ነበር።

«ዘይቡ፣ ያንቺ ዛሬ ምን ይላል?» አሏት።

«ቀይ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉና ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ፈሂማ ቆመች። «አባ፣ ስልክዎን እስቲ ያሳዩኝ።»

«ባትሪ የለውም።»

ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ ጮኸ። አጎቴ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ አዩ። ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ አውጥተው ሰጧት። ፈሂማ ገጹን ከፍታ የጎጣቸውን ስም ነካች። አረንጓዴ ነበር። እንደ ቅጠል የለመለመ አረንጓዴ።

«መስመሯ» አለች ፈሂማ ቀስ ብላ። «ለርስዎ ብቻ የጻፍኳት መስመር። ሌላውን ስቀይር እሷን ረሳኋት። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቀየርሽው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ በሁለት ስልክ ሁለት ነገር ታየ ማለት ነው» አሉ አጎቴ። «ወንበሩን እኔ ምን አደርገዋለሁ፣ ለጀርባዬ እንኳ አልተስማማኝም። ግን እኔ ስወርድ ያንቺም ሥራ አብሮኝ ይወርዳል፣ ያልኩት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ዘይቡን እጠይቃለሁ። አልዋሸሁም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሸኩር በበሩ ገባ። አይፎኑን እያራገበ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። ሊቀመንበር፣ ትናንት መብራት ጠፍቶ ባትሪዬ ሞተብኝ። እስቲ የኛን ጎጥ በርስዎ ስልክ ልየው» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ስልኩ ፈሂማ እጅ ላይ ነው፣ ገጹም እንደተከፈተ ነው። በዚያ ስልክ ላይ የሸኩር ጎጥ ቀይ ይላል፣ በሌላው ሁሉ አረንጓዴ። እኔ የሰሌኑን ጥልፍ መቁጠር ጀመርኩ። አጎቴ ሲጠየቁ የሚዋሹ ሰው አይደሉም። አፋቸው ሲከፈት አየሁ፤ ሊናገሩ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ።

ዘይቡ መሀል ገባች።

«እንካ፣ በኔ እይ» ብላ የተሰነጠቀውን ስልኳን ሸኩር እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሊቀመንበሩን እኮ ነው የጠየቅኩት።»

«ምን ልዩነት አለው? ክረምቱን ሙሉ አንድ ይሁን ብለህ አይደል ስትጮህብን የከረምከው? ይኸው አንድ ሆነልህ፣ እይበት።»

ሸኩር ስንጥቁን በአውራ ጣቱ እያሻሸ አየ። «አረንጓዴ ነው። በቃ ዛሬ አንለቅምም» አለ። ስልኳን መለሰላት፣ አመስግኖ ሄደ።

በሩ ከኋላው ተዘጋ።

«ታውቂ ነበር?» አሏት አጎቴ።

«ስልክ በእጁ ይዞ በየማለዳው የሰው ስልክ የሚጠይቅ ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለች ዘይቡ። «መጀመሪያ ዓይንዎ የደከመ መስሎኝ አዘንኩ። ኋላ ሰው ሲመጣ ሲደብቁት አየሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ዘይቡ ጆንያዋን ማጠፍ ቀጠለች። «አባ ፈሂማ፣ እርስዎ ከወረዱ ሚዛኑ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?»

ፈሂማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እዚያው ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ያቺን መስመር ፈልጋ አገኘቻት፣ ሁለቱን ቃላት አቀያየረቻቸው። የአባቷ ስልክ ላይ ገጹን እንደገና ከፍታ ሰጠቻቸው።

ቀይ ነበር። አጎቴ ስልኩን አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት። ማሻአላህም አላሉም። ከዚያ ስልኩን እንደያዙ ወደ ዘይቡ ዞሩ።

«ያንቺስ?» አሏት።

«ቀይ» አለች ዘይቡ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ቅርጫታቸውን አንስተው ሊለቅሙ ሄዱ።